ከማስኬድሽ በፊት ገምቺ

የኔትወርክ ሲሙሌተር ልጀምር የሚል ሰው አፉ ላይ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «የቱን ልጫን?» ነው። የሚከተለው ምልልስም የተነሳው ከዚሁ ነው። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፓብሎ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው። ጋሼ ሳን ሆዜ ውስጥ በኔትወርክ መሐንዲስነት ረጅም ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። ተማሪዋ ማታ ማታ አረጋውያን ትንከባከባለች፣ ቀን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ ኔትወርክ ትማራለች። ዓመቶቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ስማቸውን ጽፌ መጥቻለሁ። ኤንኤስ-2፣ ኤንኤስ-3፣ ኦምኔት፣ ሚኒኔት፣ ጂኤንኤስ3፣ ኮር፣ ኮንቴይነርላብ። ሁሉንም በነፃ ማውረድ ይቻላል አሉኝ። የእኔ ላፕቶፕ ግን 8 ጊጋ ራም ብቻ ነው ያለው። ከየቱ ልጀምር?

ጋሼ፦ ወረቀቱን ገልብጪና ጀርባው ላይ ማወቅ የምትፈልጊውን ጻፊ።

ተማሪዋ፦ ኔትወርክ ነዋ!

ጋሼ፦ እሱማ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። አሳንሺው።

ተማሪዋ፦ እሺ። አዲስ አበባ እናቴ ጋ ስደውል ድምፁ ይዘገያል። እኔ ሳልጨርስ እሷ ትጀምራለች፣ ሁለታችንም ዝም እንላለን፣ መልሰን አንድ ላይ እንጀምራለን። ለምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። የእኔ ኢንተርኔት እኮ ፈጣን ነው።

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። አሁን ስሞቹን እንያቸው፣ ምክንያቱም የሚለዩት በጥያቄሽ ነው። ኤንኤስ-3 እና ኦምኔት ሲሙሌተር ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሰዓት የግድግዳው ሰዓት አይደለም። ክስተቶች በጊዜ ተራቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ በዚህ ቅጽበት ፓኬት ይወጣል፣ በዚያኛው ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ መልሱ ይነሳል። ፕሮግራሙ አንዱን ፈጽሞ ወደሚቀጥለው ይዘላል፣ መሃል ላይ ያለውን ባዶ ጊዜ አይጠብቅም። አንድ ሰዓት ሙሉ የሚሆነውን ነገር በጥቂት ሰከንድ ሊጨርስልሽ ይችላል። ሺህ ኮምፒውተር ከደረደርሽበት ደግሞ የአንድ ደቂቃውን ነገር ሲያሰላ ሊያድር ይችላል። ለጀማሪ ያንቺ ላፕቶፕ ይበቃል።

ተማሪዋ፦ ሌሎቹስ?

ጋሼ፦ ሚኒኔት፣ ጂኤንኤስ3፣ ኮርና ኮንቴይነርላብ ኢሙሌተሮች ናቸው። እነሱ እውነተኛውን ሶፍትዌር በእውነተኛው ሰዓት ነው የሚያስኬዱት። ሚኒኔት ላይ የምትልኪው ፒንግ ሊኑክስ ላይ ያለው ፒንግ ራሱ ነው። ጂኤንኤስ3 ላይ ራውተር ስታስነሺ የራውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይነሳል። «ይህን ዕቃ እንዴት ነው የማዋቅረው?» ለሚል ሰው ኢሙሌተር ነው የሚሆነው። «ይህ ነገር ለምን ይሆናል?» ለሚል ሲሙሌተር። አንቺ የጠየቅሽኝ ለምን ብለሽ ነው።

ተማሪዋ፦ ኮሌጅ የምንሠራው በፓኬት ትሬሰር ነው። እሱን ምን ልበለው?

ጋሼ፦ የሲስኮ ነው፣ ለመማር በነፃ ይሰጣል፣ ኮዱ ግን ዝግ ነው። ትእዛዞቹን እጅሽ እንዲለምድ ጥሩ ነው፣ አትተዪው። ግን አንድ ነገር አሳይቶሽ ለምን እንደሆነ ብትጠይቂ፣ ገልጠሽ የምታዪው የለም።

ተማሪዋ፦ እኔ ኮድ ገልጬ ምን አደርጋለሁ ጋሼ? ፕሮግራመር አይደለሁ።

ጋሼ፦ ላፕቶፑን አምጪ።

ስለ መጫኑ ብዙ የሚወራ ነገር የለም። ኡቡንቱ ላይ ከሆነ ኮምፓይለሩን፣ ሲሜክንና ፓይተንን ጭኖ፣ ኤንኤስ-3ን አውርዶ ከነምሳሌዎቹ አዋቅሮ መገንባት ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለ ሰው ውስጡ ሊኑክስ የሚያስኬደውን ደብሊው ኤስ ኤልን ይጠቀማል። የመጀመሪያው ግንባታ ረዘም ይላል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ አለቀ።

ጋሼ፦ ይህን ልብ በይ። መመሪያ ስትፈልጊ «በዋፍ ገንቢ» የሚልሽ ካጋጠመሽ ያረጀ ነው፣ ከ2022 ወዲህ የሚገነባው በሲሜክ ነው። ኤንኤስ-2 ጫኚ የሚልሽ ደግሞ ይብሱን ያረጀ ነው። የእሱ የመጨረሻ እትም፣ 2.35፣ የወጣው በ2011 ነው። ስማቸው ተከታታይ ይምሰል እንጂ ኤንኤስ-3 እንደ አዲስ የተጻፈ ነው፤ የአንዱ ስክሪፕት በሌላው ላይ አይሠራም። ይህን ሳያውቁ ስንት ጊዜያቸውን የሚያቃጥሉ ልጆች አሉ። አሁን ከመማሪያ ምሳሌዎቹ ውስጥ «ፈርስት» የሚለውን ፋይል «ስክራች» የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገልብጪው። እዚያ የገባውን ሁሉ ራሱ አግኝቶ ይገነባዋል። ክፈቺውና የገባሽን ንገሪኝ።

ተማሪዋ፦ ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። አላውቀውም።

ጋሼ፦ ጻፊ አላልኩሽም። አንብቢው።

ተማሪዋ፦ ሁለት ኖድ ይፈጥራል። በመሃላቸው መስመር ይዘረጋል፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት፣ መዘግየቱ 2 ሚሊ ሰከንድ። ከዚያ አድራሻ ይሰጣቸዋል፣ 10.1.1.1 እና 10.1.1.2። ሁለተኛው ላይ በ1ኛው ሰከንድ ሰርቨር ይነሳል። የመጀመሪያው በ2ኛው ሰከንድ 1024 ባይት የሆነ አንድ ፓኬት ይልካል፣ ሰርቨሩ ያንኑ ይመልስለታል። በቃ ይሄ ነው።

ጋሼ፦ አላውቀውም ያልሽውን አነበብሽው። አሁን አታስኪጂው። ፓኬቱ ሰርቨሩ ጋ በስንት ሰዓት ይደርሳል? በእርሳስ አስዪልኝ።

ተማሪዋ፦ 1024 ባይት በ8 ሲባዛ 8192 ቢት። መስመሩ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት ያወጣል። ስለዚህ ፓኬቱ ተገፍቶ እስኪወጣ 1.6384 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። መንገዱ 2። ድምሩ 3.6384። እንግዲህ በ2.00364 ሰከንድ ይደርሳል።

ጋሼ፦ አስኪጂው።

ተማሪዋ፦ 2.00369 ይላል። ያው ነው፣ ቀርቤያለሁ።

ጋሼ፦ እዚህ ውስጥ ነፋስ የለም፣ ዝናብ የለም፣ ሌላ ሰውም መስመሩን አልተጋራሽም። ልዩነት ካለ ምክንያት አለው። ከየት መጣ?

ተማሪዋ፦ ልዩነቱ 0.05 ሚሊ ሰከንድ ነው። በ5 ሜጋ ቢት 250 ቢት ይሆናል። ወደ 31 ባይት ማለት ነው።

ጋሼ፦ ስክሪኑ ቁጥሩን አጠጋግቶታልና አንድ ሁለት ባይት ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል። ኮሌጅ ምን አስተማሩሽ? ዳታው ብቻውን ነው የሚሄደው?

ተማሪዋ፦ ሄደር አለ! የዩዲፒ 8፣ የአይፒ 20። 28 ሆነ። የቀረው የመስመሩ ነው፣ ሁለቱን በቀጥታ የሚያገናኝ መስመር ስለሆነ ፒፒፒ ይሆናል። ግን እሱ ስንት ባይት እንደሚጨምር አላውቅም።

ጋሼ፦ ኮድ ገልጬ ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነበር።

ፋይሉን ፈልገው አገኙት። የፒፒፒ ሄደር መጠኑን የሚመልስበት መስመር ላይ የተጻፈው 2 ነው። 28 ላይ 2 ሲጨመር 30፣ ከዳታው ጋር 1054 ባይት። 8432 ቢት፣ 1.6864 ሚሊ ሰከንድ፣ ከመንገዱ ጋር 3.6864። ሲጠጋጋ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ተማሪዋ፦ ገጠመ! ልክ ልኩን ገጠመ።

ጋሼ፦ ገና አላለቀም። ገመድ ላይ ያለው እውነተኛው ፒፒፒ ከ2 ባይት በላይ ነው የሚጨምረው። ጸሐፊዎቹ አቅልለውታል፣ ማቅለላቸውንም በሰነዱ ላይ ጽፈውልሻል። ሲሙሌተር ሁሉ እንዲህ ነው፣ አንድ ሰው የሆነ ነገር ትቶ የሆነ ነገር አስቀርቶ የሠራው ነው። ምን እንደተተወ ካወቅሽ መልሱን ምን ያህል እንደምታምኚው ትወስኛለሽ። ክፍት ምንጭ መሆኑን የምወደው በዋጋው አይደለም። ዛሬ አንቺ ራስሽ ገብተሽ 2 የሚለውን ስላየሽው ነው።

ተማሪዋ፦ ማን ነው ግን ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሠራው?

ጋሼ፦ ሥሩ እዚሁ ነው። ሳን ፓብሎ ጎዳናን ይዘሽ ወደ ደቡብ ውረጂ፣ በርክሌይ ስትደርሺ ወደ ምሥራቅ ቀና በይ። ከዩኒቨርሲቲው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ነው። በጥቅምት 1986 በላቦራቶሪውና በዩኒቨርሲቲው መሃል ያለው መስመር ተጨናነቀ። ርቀቱ 400 ያርድ ነው፣ ወደ 365 ሜትር። በሰከንድ 32 ሺህ ቢት ያሳልፍ የነበረው መስመር 40 ቢት ላይ ወደቀ።

ተማሪዋ፦ 40 ሺህ?

ጋሼ፦ አርባ። 800 እጥፍ ወረደ። ገመዱ ግን አልተቆረጠም፣ የተበላሸ ዕቃም አልነበረም።

ተማሪዋ፦ እና ምን ሆኖ ነው?

ጋሼ፦ እናትሽና አንቺ ስልክ ላይ የምታደርጉትን ነው ኮምፒውተሮቹ ያደረጉት። መልስ ሲዘገይባቸው «አልደረሰም» ብለው መልሰው ይልካሉ። የተላከው ግን አልጠፋም፣ ራውተሩ ላይ ወረፋ ይዟል። ሁለተኛው ቅጂ ወረፋውን ያረዝመዋል፣ መልሱ ይብስ ይዘገያል፣ ሦስተኛ ቅጂ ይላካል። መስመሩ ሌት ተቀን ይሠራል፣ የሚያመላልሰው ግን አንዱን ነገር ደጋግሞ ነው። ሁሉም ሰው ልክ እየሠራ ሁሉም ተጎዳ።

ተማሪዋ፦ እንዴት ተፈታ?

ጋሼ፦ ላቦራቶሪው ውስጥ ይሠራ የነበረው ቫን ጃኮብሰን፣ ከዩኒቨርሲቲው ማይክ ካረልስ ጋር ሆኖ ላኪው ጠባይ እንዲገዛ አደረገ። ጥቂት ልኮ ይጀምራል፣ ማረጋገጫ በመጣለት ቁጥር ይጨምራል፣ ፓኬት ሲጠፋበት ደግሞ መስመሩ ተጨናንቋል ብሎ ይቀንሳል። ጽሑፉ በ1988 ወጣ። ዛሬ ስልክሽ ውስጥ ያለው ቲሲፒ፣ የመላላኪያው ደንብ፣ የዚያ ልጅ ነው። አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዲስ ደንብ ስታወጪ የት ትሞክሪዋለሽ? የዓለም ሰው በሚጠቀምበት ኢንተርኔት ላይ?

ተማሪዋ፦ አይሆንም።

ጋሼ፦ ስለዚህ ሲሙሌተር ተሠራ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስሪኒቫሳን ኬሻቭ ሪል የሚባል ጻፈ፣ እሱም ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተሠራው ኔስት ላይ የተመሠረተ ነው። ከሪል ተነስተው ኮረብታው ላይ ያሉት ኤንኤስን ሠሩ። ስቲቭ መካን፣ ሳሊ ፍሎይድ፣ ኬቨን ፎል። በ1996 ፎልና ፍሎይድ የቲሲፒ ዓይነቶችን፣ ታሆን፣ ሬኖንና ሳክን፣ በዚሁ ሲሙሌተር ጎን ለጎን አስኪደው አወዳደሩ። አንድ ላይ ከተላኩ ፓኬቶች ውስጥ ሁለት ሦስት ሲጠፋ ሬኖ ምን ያህል እንደሚቸገር በሥዕል ታየ። በሂሳብ ብቻ እንዲያ ፍንትው ብሎ አይታይም ነበር።

ተማሪዋ፦ ሳሊ ፍሎይድ ሴት ናት?

ጋሼ፦ ሴት ናት። እኔ ሳን ሆዜ የምመላለስበት ባርት የሚባለው ባቡር የለም? ኮምፒውተር ሳይንስ ከመማሯ በፊት እዚያ በኮምፒውተር ሥርዓቶች ላይ ስትሠራ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪዋ ሶሲዮሎጂ ነው። ከሥራ ተመልሳ ተምራ ነው በ1989 ዶክትሬቷን ከበርክሌይ ያገኘችው። በ1993 ከጃኮብሰን ጋር ሬድ የሚባለውን ዘዴ አወጣች፦ ራውተሩ ወረፋው ሞልቶ እስኪፈስ አይጠብቅም፣ አስቀድሞ አልፎ አልፎ ፓኬት እየጣለ ላኪዎቹን ያስጠነቅቃል። ኤንኤስ-3 በ2006 ሲጀመር ከቶም ሄንደርሰን፣ ከጆርጅ ራይሊና ከሱሚት ሮይ ጋር አብራ ነበረች፣ ፈረንሳይ ካለው ኢንሪያ ደግሞ ማቲዩ ላካዥ። የመጀመሪያው እትም በሰኔ 2008 ወጣ። እሷ በነሐሴ 2019 እዚያው በርክሌይ አረፈች። ማታ ማታ እየሠራሽ ስትማሪ የሚከብድሽ ቀን ሲመጣ የዚህችን ሴት መንገድ አስቢው።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ሲሙሌተሩ ኢንተርኔትን በደንብ ያሳያል ማለት ነው።

ጋሼ፦ አያሳይም። ያሉትም እነሱው ናቸው። በ2001 ፍሎይድና ቨርን ፓክሰን ኢንተርኔትን ሲሙሌት ማድረግ ለምን እንደሚያስቸግር ጽፈዋል። ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ባለቤቱ ብዙ ነው፣ ዛሬ የለካሽው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ታዲያ የሚሉት ተስፋ ቁረጡ አይደለም። በአንድ ቁጥር ብቻ አትሞክሩ፣ መስመሩን ወረፋውንም የላኪዎቹን ብዛትም እየለዋወጣችሁ ድምዳሜያችሁ ይቆም እንደሆነ እዩ ነው የሚሉት። እኔ ብሆን ማንኛውም ሰው ሲሙሌተር ከመጫኑ በፊት ያን ጽሑፍ እንዲያነብ አስገድድ ነበር።

ተማሪዋ፦ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማር የአክስቴ ልጅ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን በኤንኤስ ነው የሚሠራው።

ጋሼ፦ አገር ቤት ብዙ የማስተርስ ጽሑፎች የሚሠሩት እንዲሁ ነው፣ በተለይ ተንቀሳቃሽ ገመድ አልባ ኔትወርክ ላይ። ተገቢም ነው። 50 ራውተር ማን ይገዛል? አንዴ ካወረደው ደግሞ ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳን ሥራው አይቋረጥም። ግን አንድ ነገር ንገሪው። ሞቢሆክ በሚባለው ጉባኤ ላይ ከ2000 እስከ 2005 የቀረቡ ጽሑፎችን ተመራማሪዎች አንድ በአንድ መረመሯቸው። ሌላ ሰው ደግሞ ሊያገኘው በሚችልበት መልክ የተጻፈው ከመቶ 15 እንኳን አይሞላም ነበር። የትኛውን እትም እንደተጠቀሙ አይጽፉም፣ የዘፈቀደ ቁጥሩ ከየት እንደተነሳ አይናገሩም፣ ስንት ጊዜ እንዳስኬዱት አይታወቅም። ትልልቅ ሰዎች ናቸው ይህን ያደረጉት።

ተማሪዋ፦ የዘፈቀደ ቁጥር ምን ያደርጋል እዚህ?

ጋሼ፦ ሰዎች መቼ እንደሚልኩ፣ ገመድ አልባው ላይ ማን ወዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚወሰነው በዘፈቀደ ቁጥር ነው። ኤንኤስ-3 ላይ ምንም ካልነካሽው ሁልጊዜ ያንኑ ቅደም ተከተል ነው የሚሰጥሽ። አስር ጊዜ ብታስኪጂው አስር ጊዜ አንድ መልስ ታገኛለሽ፣ ልጁም «ተረጋግጧል» ብሎ ይጽፋል። የተረጋገጠ ነገር የለም፣ አንዱን ዕጣ ደጋግሞ አየው እንጂ። የሩጫ ቁጥሩን እየቀያየረ አስኪዶ አማካዩንና ስፋቱን ይጻፍ። ስክሪፕቱንም ከጽሑፉ ጋር ያውጣ። ጎንደርም ይሁን ጅማ ያለ ሌላ ተማሪ ከእሱ ላይ ተነስቶ ይቀጥላል። እኛ አገር እያንዳንዱ ተማሪ ከዜሮ የሚጀምረው አቅም አጥቶ አይደለም። የቀደመው ሥራ መሳቢያ ውስጥ ስለሚቀር ነው። ይሄ ያናድደኛል።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አይቆጡና፣ እኔ ሥራም እፈልጋለሁ። ሳን ሆዜ ሄጄ «1.6864 አስልቻለሁ» ብል ይቀጥሩኛል?

ጋሼ፦ ትክክል ነሽ፣ ለሥራ ኢሙሌተር ያስፈልግሻል። በሚኒኔት ጀምሪ። እሱም የዚሁ አካባቢ ነው፣ ስታንፎርድ። ቦብ ላንትዝ፣ ብራንደን ሄለርና ኒክ መኪዎን በ2010 ያስተዋወቁት ነው። በአንድ ትእዛዝ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ስዊች፣ አንድ ተቆጣጣሪ ይሰጥሻል፣ ሁሉም ላፕቶፕሽ ውስጥ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ 10 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት አድርጊና ፒንግ ላኪ። ስንት ይመጣል?

ተማሪዋ፦ ከኮምፒውተሩ ስዊቹ ድረስ 10፣ ከስዊቹ ሌላው ድረስ 10። ደርሶ መልስ 40።

ጋሼ፦ ከ40 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ይሄ እውነተኛ ሶፍትዌር ነው፣ ላፕቶፑም ሌላ ሥራ አለበት። የመጀመሪያው ፒንግ ግን በጣም ይረዝማል። ኮምፒውተሩ የጎረቤቱን አድራሻ ገና እየጠየቀ ነው፣ ስዊቹም ፓኬቱን ምን እንደሚያደርገው ተቆጣጣሪውን ያማክራል። ሁለተኛው ላይ ሁሉም መልሱን ይዟል። ከዚያ ወደ ራውተሮች እለፊ። ጂኤንኤስ3 ክፍት ነው፣ ውስጡ የምትጭኚው የሲስኮ ሲስተም ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይደነቃቀፋል፣ አንዳንዱም ከማይሆን ቦታ ያወርዳል። አንቺ ኮንቴይነርላብ ላይ ኤፍአርአርን አስነሺ። በ2017 ከኳጋ ተገንጥሎ የወጣ፣ ከነኮዱ ክፍት የሆነ የራውቲንግ ሶፍትዌር ነው፣ ትላልቅ ዳታ ሴንተሮች ውስጥም ይሠራል።

ተማሪዋ፦ አስነስቼ ምን ላድርገው?

ጋሼ፦ ስበሪው። ሦስት ራውተር በሦስት ማዕዘን አገናኚ፣ መንገድ የሚያስመርጣቸውን ኦኤስፒኤፍን አስኪጂባቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ፒንግ እየሄደ አንዱን መስመር አጥፊ። ፒንጉ ለአፍታ ተደናቅፎ በሌላኛው በኩል ይቀጥላል። ከዚያ መልሰሽ አብሪው። አሁን መስመሩን አታጥፊው፤ እንደበራ ይቆይ፣ ግን የሚያልፍበትን ፓኬት ሁሉ እንዲውጥ አድርጊ። ምን ይሆናል?

ተማሪዋ፦ ያው መስመሩ ሞቷል... ቶሎ በሌላው በኩል ይሄዳል።

ጋሼ፦ አይሄድም። መብራቱ በርቷል፣ ራውተሩ ምን ያውቃል? ኦኤስፒኤፍ በየ10 ሰከንዱ ሰላምታ ይልካል፣ ለ40 ሰከንድ ሰላምታ ካልመጣ ነው ጎረቤቴ ሞተ የሚለው። እስከ 40 ሰከንድ ድረስ ፓኬቶችሽ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ሥራ ላይ ሰው የሚያስለቅሰው ብልሽት ይሄኛው ነው፣ የበራ ግን የማያሳልፍ መስመር። ቃለ መጠይቅ ላይ የዚህን ልዩነት በራሷ አይታ የምታስረዳኝ ልጅ ከመጣች፣ ስንት የምስክር ወረቀት እንዳላት መጠየቄን እረሳለሁ።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ይሄን እሠራዋለሁ። የእናቴን ነገር ግን ትተውት ሄዱ።

ጋሼ፦ አልተውኩትም። ወደ ፈርስት ተመለሺ። ከዚህ አዲስ አበባ በቀጥታ ቢሰመር ወደ 14 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን ፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ተማሪዋ፦ 14 ሺህ 500 ለ200 ሺህ... 72.5 ሚሊ ሰከንድ። 72 ልበለው?

ጋሼ፦ በይው። ባለ 2 ሚሊ ሰከንዱን መስመር 72 አድርጊው፣ ከማስኬድሽ በፊትም ገምቺ።

ተማሪዋ፦ 72 እና 1.6864፣ 73.6864። አስኬድኩት... ገጥሟል። አሁን ፍጥነቱን ልጨምረው። 5 ሜጋ ቢቱን አንድ ጊጋ ቢት አደርገዋለሁ፣ 200 እጥፍ። 8432 ቢት ለ1 ቢሊዮን፣ 0.0084 ሚሊ ሰከንድ። ስለዚህ ድምሩ... 72.0084? ምንም አልቀነሰም እኮ!

ጋሼ፦ አልቀነሰም።

ተማሪዋ፦ እኔ እኮ ከፍ ያለውን ፓኬጅ የገዛሁት ለዚህ ብዬ ነበር።

ጋሼ፦ ፊልም ለማውረድ ይጠቅምሻል። ለእናትሽ ድምፅ ግን የሚወስነው ርቀቱ ነው፣ እሱን የሚሸጥልሽ ድርጅት የለም።

ተማሪዋ፦ ቆይ ግን። ደርሶ መልሱ በዚህ ስሌት 144 ነው። ትናንት አዲስ አበባ ወዳለ ሰርቨር ፒንግ ስልክ ከ300 በላይ ነበር። ግማሹ የት ገባ?

ጋሼ፦ እየሄድሽ ነው፣ ቀጥዪ።

ተማሪዋ፦ አንደኛ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፣ ስለዚህ በጅቡቲ ወይም በሌላ ጎረቤት አገር በኩል ነው ባሕር ላይ ወዳለው ኬብል የሚደርሰው። ከዚህ ደግሞ አሜሪካን አቋርጦ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ አውሮፓ ገብቶ፣ በቀይ ባሕር ይወርድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በየመንገዱ ራውተር አለ፣ ራውተር ላይ ደግሞ ወረፋ አለ።

ጋሼ፦ መንገዱን በትሬስራውት ታዪዋለሽ። እሱንም የጻፈው ያው ጃኮብሰን ነው። ከዚያ ኤንኤስ-3 ላይ ኖዶቹን በከተሞቹ ስም ደርድሪያቸው፣ መዘግየቱን ከርቀታቸው አስዪ። ግን ከ300ው ውስጥ ስንቱ የርቀት፣ ስንቱ የወረፋ እንደሆነ በምን ትለያለሽ? ሲሙሌተሩ የሰጠሽውን ቁጥር ነው የሚመልስልሽ። ወረፋ 80 ሚሊ ሰከንድ ነው ካልሽው 80 ይልሻል።

ተማሪዋ፦ እየመጣልኝ ነው፣ ይቆዩኝ። ርቀት በሰዓት አይለዋወጥም፣ መንገዱ ካልተቀየረ በስተቀር ሌሊትም ቀንም ያው ነው። ወረፋ ግን ሰው ሲበዛ ይረዝማል። እዚያ ማታ ሰው ሁሉ ቪዲዮ ሲያይና ሌሊት ሰው ሲተኛ እኩል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ቀን ከሌሊት በየጊዜው ፒንግ እየላክሁ ልመዝግብ። ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ለርቀቱ ይቀርባል። ከዚያ በላይ የሚለዋወጠው የወረፋው ነው።

ጋሼ፦ ሥራ ስትሄጂ ላፕቶፑን እንዳታጠፊው። ምዝገባውን በፋይል አድርጊና ቁጥሮቹን ይዘሽ ቅዳሜ ነይ፣ ወረፋውን ያን ጊዜ እንሠራዋለን።